ለመጠን የተሳሉ ሰዎች

የዚያችን አገር ስም አልናገርም። የሚያውቃት ከነስሟ ያውቃታል፤ የማያውቃት ደግሞ ስሟን ቢሰማ የሚጠቅመው ነገር የለም። እኔ በዋና ከተማዋ፣ በወረቀት ግምጃ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሕንፃ ንድፎችን ተረክቦ መደርደር፣ ሲጠየቁ ማውጣት፣ ሲመለሱ መልሶ መደርደር ነበር። ከዚህ ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «አንተስ የት ነበርክ?» የሚለኝ ሰው እንዳይደክም ብዬ ነው። መስኮቴ ላይ ነበርኩ።

በዚያች አገር የሕንፃ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ «እንደ ወረቀቱ» ይባላል። ሕጉ ሲወጣ ሕዝቡ በእልልታ ነበር የተቀበለው። ከዚያ በፊት አራት ፎቅ ስሎ ሁለት ፎቅ ገንብቶ የሚጠፋው ብዙ ነበር። መስኮት ተስሎለት ግድግዳ፣ ደረጃ ተስሎለት መሰላል የተረከበው ሰው ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ሕጉ ይህን አስቀረ። በወረቀቱ ላይ ያለ ሁሉ መሬት ላይ ይኑር፣ በወረቀቱ ላይ የሌለ መሬት ላይ አይኑር፣ ሁለቱ ከተለያዩ የሚታረመው መሬቱ ነው ይላል። ይህን የሚቆጣጠር የአምሳያ ቢሮ የሚባል መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ።

ቢሮው ሥራውን በትጋት ሠራ። የፖስታ ቤቱ ነዳፊ ለውበት ብሎ ሰማዩ ላይ አምስት ወፎች ጣል አድርጎ ነበር፤ እስከ ዛሬ አምስት እርግቦች እግራቸው በክር ታስሮ ጣሪያው ላይ ይውላሉ፤ ስድስተኛ ወፍ ሲመጣ እሽ የሚል ሠራተኛም አለ። የፍርድ ቤቱ ንድፍ ላይ ደመና ስለነበረ በየማለዳው ከጓሮ እርጥብ ቅጠል የሚያጨስ ሰው ተቀጥሯል። ችሎት የሚመጣው ሕዝብ እየሳለ ይገባል፣ እየሳለ ይወጣል። ከጊዜ በኋላ ሁሉም ለመደው፤ እኔም ለመድኩት።

በንድፎቹ ላይ ሰዎችም ይሳላሉ። ይህ የሙያው የቆየ ልማድ ነው። ግድግዳው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ተመልካቹ እንዲገባው አጠገቡ ሰው ይቆማል፤ «ለመጠን» ይሉታል። እነዚህን ሰዎች ግን ማንም ቆጥሯቸው አያውቅም ነበር። እስከዚያን ጊዜ የተሠሩት ገበያና ፍርድ ቤት፣ ፖስታ ቤትና ግምጃ ቤት ናቸው፤ ሰው ገብቶ ይወጣባቸዋል እንጂ አይኖርባቸውም።

የምነግራችሁ ትርሲት ስለምትባል ልጅ ነው። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነበረች። የድሮ ንድፍ ለማየት በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ወደ መስኮቴ ስለምትመጣ ከሌሎቹ ይልቅ እሷን አወቅኋት። የተወለደችው ጓሮ ሰፈር በሚባል፣ ቤቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው በቆሙበት ሰፈር ነው። እናቷ በልጅነቷ ነው የሞተችባት። አባቷ ጋሽ አጥናፉ ጭቃ መራጊ ነበር፤ የሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ የእሱ እጅ ያረፈበት ነው። ይህ ሰው ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አይሆንለትም። ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ለቅሶ ቤት ሄዶ ደጅ ቆሞ ያመሻል። «አረፍ በል እንጂ» ሲሉት «ተቀምጦ የመረገ አይታችኋል?» ብሎ ይስቅባቸዋል።

የመጀመሪያ ዓመት ሥራዋ የአውቶቡስ መጠበቂያ ነበር። ዝናብ ከጎን የሚመታበት ዳገት ላይ ስለሚቆም በነፋሱ በኩል ግድግዳ አደረገችለት፤ መምህሯ ግድግዳው እይታ ያበላሻል ብለው ውጤቷን ዝቅ አደረጉት። ሁለተኛ ዓመት ላይ ለአንዲት ልብስ ሰፊ የምትሆን አንድ ክፍል ሱቅ ነደፈች፤ መስኮቷን ልክ ብርሃኑ መርፌው ላይ በሚያርፍበት ቁመት አደረገችው። ለዚያች መስኮት ስትል አሥራ አራት ቀን ልብስ ሰፊዎች ዘንድ እየሄደች ተቀምጣለች። ሦስተኛው ጣሪያው ዝናብ የሚያጠራቅም ትምህርት ቤት ነበር። ሦስቱም አልተሠሩም፤ የተማሪ ሥራ አይሠራም ነበር።

«ስትመረቂ ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«እዚያው ሰፈራችን በሯ ወደ መንገድ የሆነች አንዲት ክፍል እከፍታለሁ፣ ጋሼ። አንዷ ትመጣና ‹ኩሽናዬ ጭስ አላስወጣ አለኝ› ትለኛለች። አንዱ ‹ልጄ ልታገባ ነው፣ አንዲት ክፍል ከየት ላውጣ?› ይለኛል። ወንበር ስቤ ወረቀቴን እዘረጋለሁ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ለዚያ ግን የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ ነዳፊው የነደፈው አንድ ሕንፃ ተሠርቶ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከወረቀቱ ሳይለይ ሲቆም ነው። እሷ እንግዲህ ለዚህ ነበር የምትደክመው።

ለመመረቂያ ሥራዋ ጓሮ ሰፈርን መረጠች። ለሰፈሩ ዘጠና ቤተሰብ ዘጠና መኖሪያ፣ መሐል ላይ ግቢ ያለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነደፈች። ሕንፃው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በሚያሳየው ሉክ ላይ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሳለችው። እትዬ በለጡ የእድሩን ድስት ታጥባለች። ሁለት ጎረቤታሞች ስለ አጥር ይጨቃጨቃሉ። ሴቶች ልብስ ያሰጣሉ። እኔ አይቼዋለሁ፤ ትንንሽ ናቸው እንጂ መልካቸው ሳይቀር ይለያል። ለመምህሯ ለመምህር ክንፈ ወስዳ ዘረጋችላቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ሰፈሩ ነው፣ መምህር።»

«እኔ ገበያ መስሎኝ። ሰው ሲበዛ ግንቡ ይጠፋል፣ ልጄ። አሥር ይበቃሻል፤ ግፋ ቢል አሥራ አንድ። ደግሞ ድስት ምን ያደርጋል? ሰው እዚህ የሚገባው ለመጠን ነው እንጂ ሊኖርበት ነው እንዴ?»

ይህን ብለው ሉኩን ለሁለት ቀደዱት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ እሳቸውም ተማሪ ሳሉ እንዲህ ተቀዶባቸዋል። ትርሲት አዲስ ሉክ ከእኔ ወስዳ እንደገና ሳለች። አሥራ አንድ ሰዎች፤ ሁሉም ረጃጅምና ቀጫጭን። አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ የሕፃን እጅ የያዘች እናት፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰውዬ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ እጁን የሚያውለበልብ ጎረምሳ፣ ቆመው የሚያወሩ አምስት ሰዎች። በስተግራ በኩል ሥዕሉ ባዶ ሆነባትና አንድ አግዳሚ ወንበር አደረገች፤ ባዶ ወንበር እንዳይሆን አንድ ሽማግሌ አስቀመጠችበት። እጇ የለመደው የአባቷን ፊት ነውና አባቷን አስመስላ ሳለችው። ለወንበሩ መደገፊያ አላደረገችለትም፤ የግድግዳውን መስመር ይሸፍናል።

ሥራዋ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት የአምሳያ ቢሮው አዲስ ሹም፣ ሹም ጫንያለው፣ የተማሪ ሥራ መሠራት ይጀምር ብለው አዘዙ፤ መጀመሪያ የተመረጠውም የእሷ ነበር። ጓሮ ሰፈር ጮቤ ረገጠ። ቤቱ ፈርሶ ቦታው እንዲጸዳ የሰፈሩ ሰው ራሱ አጋዘ። ጋሽ አጥናፉ የገዛ እጁ የመረገውን ግድግዳ እየሳቀ ገፍቶ ጣለ። ሕዝቡ ሕንፃው እስኪያልቅ ከከተማው ዳር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ላስቲክ ወጥሮ እንዲቆይ ተደረገ። አሥራ ስምንት ወር ቆየ። ሁለት ክረምት ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት ክረምቶች ዘጠኝ ሰው ሞተ፤ የተረፈው «ዋናው ማለቁ ነው» ይል ነበር።

ሕንፃው አለቀ። ልነግራችሁ አልችልም፣ የሚያምር ነበር። የመግቢያው ቀን ሕዝቡ ፍራሹንና ድስቱን ተሸክሞ በሩ ላይ ተሰለፈ። ሹም ጫንያለው ሉኩን ይዘው መጡ፤ እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው። ትርሲት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከአባቷ ጎን ቆማለች። ሹሙ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ሉኩን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ በጣታቸው ቆጠሩ።

«አሥራ አንድ ሰው» አሉ።

«አቤት?» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«በወረቀቱ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ናቸው። አንዲት ባለ ጃንጥላ፣ አንዲት እናት ከነሕፃኗ፣ አንድ ባለ ቦርሳ፣ አንድ እጁን የሚያውለበልብ፣ ቆመው የሚያወሩ አምስት፣ አንድ የተቀመጠ ሽማግሌ። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

«ሌሎቻችንስ?»

«ሌሎቻችሁ አልተሳላችሁም» አሉ ሹሙ፣ በትሕትና።

ትርሲት ወደ ሹሙ ተራመደች። ከዚያ «ጌታዬ፣ እነሱ እኮ ለመጠን ነው!» ብላ ጮኸች። ሹሙ ቁጣ አላሳዩም። «ወፎቹም ለውበት ነበሩ» አሏት።

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ እሷን አያት። እትዬ በለጡ የእድሩን ድስት ከራሷ አውርዳ መሬት አስቀመጠችና ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ እኔን የት አደረግሽኝ?» አለቻት።

ትርሲት አለቀሰች። እትዬ በለጡ ድስቷን መልሳ ተሸከመች።

አሥራ አንዱን መምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቢሮው መልማዮች ላከ፤ ሉኩ ላይ ያሉትን የሚመስል ይፈልጉ ነበር። የተሳሉት ቀጫጭን ስለነበሩ ሰው መጾም ጀመረ። ጃንጥላ የሌላት ጃንጥላ ተበደረች። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቦርሳ ተጣልተው እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። የተመረጡት ገቡ፤ ያልተመረጡት ወደ ገደሉ አፋፍ ተመለሱ፤ ሌሎቹ ክፍሎች ተቆለፉ። የገቡት ደግሞ በነፃ የገቡ እንዳይመስላችሁ። ቁጥጥር በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ስለሚችል ከጠዋት እስከ ማታ እንደተሳሉት መገኘት አለባቸው። ጎረምሳው ከበረንዳው እጁን ሲያውለበልብ ይውላል። አምስቱ ቆመው ያወራሉ፤ በሁለተኛው ወር ወሬ አልቆባቸው ከንፈራቸውን ብቻ ማንቀሳቀስ ጀመሩ።

ሽማግሌውን ለመምረጥ ግን ማንም አልተቸገረም። ጋሽ አጥናፉ ራሱ ነበር።

«አልገባም በል፣ አባባ» አለችው ትርሲት። «ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? ፊቱ የእኔ ነው። እኔ ካልተገኘሁ ወረቀቱ ጎደለ ይሉና ፈቃድሽን ይከለክሉሻል።»

«አንተ እኮ ቁጭ አትልም!»

«ቁጭ ማለት ምን ሥራ አለው?» አለ እየሳቀ። «አንድ ዓመት ምን አላት? እውላለሁ፣ ማታ እገባለሁ። አንቺ ብቻ ፈቃድሽን ያዢ።»

ሄዶ ተቀመጠ። ወንበሩ ፀሐይ ላይ ነበር፤ የሳለችው ጥላ ሁሉ በሌላው በኩል ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ በዝናብ ተቀመጠ፤ ወረቀቱ ላይ ጃንጥላ የያዘችው ሌላ ሰው ናት። መደገፊያ ስለሌለው ወገቡ እየጎበጠ ሄደ። በሦስተኛው ወር እግሩ አበጠ። በአምስተኛው ወር ማታ ማታ ከወንበሩ ሲነሳ ጉልበቱ አልዘረጋ አለው፤ ታጥፎ እንደተቀመጠ ተሸክመው ያስገቡት ጀመር።

ትርሲት በየቀኑ ትመጣለች። የምታናግረው ከአጥሩ ውጭ ሆና ነው፤ እሷ ራሷ ወረቀቱ ላይ ስለሌለች ግቢው ውስጥ መቆም አይፈቀድላትም። ለሹሙም ማመልከቻ አስገባች። ሰዎች ልጨምር አለች፤ ማኅተም ያረፈበት ሉክ ላይ መጨመር ክልክል ነው ተባለች። ማጥፋት ግን ይፈቀዳል። የተፋቀ ሉክ ስርዝ ያለበት ስለሚባል ፈቃድ አያሰጥም እንጂ፣ ማጥፋቱስ ይፈቀዳል።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። በምላጭ ፋቅ ብታደርገው አባቷ በማግስቱ ይነሳል፤ እሷ ግን ነዳፊ አትሆንም። ስድስተኛው ወር አለፈ። ሰባተኛውም አለፈ። እውነቱን ልናገርና፣ ፈቃዱን ፈልጋ ነበር። ደግሞ አባቷም «እንዳትነኪው» ብሎ ያስምላት ነበር። መስኮቴ ላይ መጥታ ሉኩን ታስወጣኛለች፣ ታየዋለች፣ ትመልስልኛለች። አንጀቴን ትበላኝ ነበር፤ እኔም ሉኩን ተቀብዬ እደረድረው ነበር።

በስምንተኛው ወር ጋሽ አጥናፉ ከወንበሩ ወደቀ። የግቢው ዘበኛ አንስቶ አስቀመጠው። ደግሞ ወደቀ። ዘበኛውም ክፉ ሰው አይደለም፣ ቁጥጥር እንዳይመጣበት ሰግቶ በገመድ ከወንበሩ ጋር አሰረው። ትርሲት ከአጥሩ ውጭ ሆና ይህን አየች። በማግስቱ ገና መስኮቴን ሳልከፍት ደጅ ቆማ አገኘኋት።

«ሉኩን ይስጡኝ፣ ጋሼ። ምላጭም ይስጡኝ።»

«ምላጭ መስጠት አይፈቀድልኝም።»

«ይስጡኝ!»

የምላጩን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ክፍት አድርጌ ትቼ ዞር ብዬ ቆምኩ። ቀጭን የፍቀት ድምፅ ሰማሁ። ስዞር አባቷ ከወረቀቱ ላይ የለም።

ሉኩን ይዛ ወደ ሹም ጫንያለው ሄደች፤ እኔም የግምጃ ቤቱ ንብረት ነውና ተከተልኳት። ሹሙ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

«ሰውዬው የለም» አሉ። «ወንበሩም የለም። ጥላው ግን አለ።»

እውነት ነው። ስትቸኩል መሬቱ ላይ የሳለችውን የአባቷን ጥላ ረስታዋለች። ሹሙ ጥላው መሬት ላይ እንዲገኝ ጥላውን የሚጥል ሰው ሊኖር ግድ ነው አሉ፤ ወንበር ደግሞ ከእንግዲህ የለም። ትርሲት ሉኩን ከእጃቸው ነጠቀችና እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ጥላውን ትፍቅ ጀመር። ፋቀች፣ ፋቀች፣ በተፋቀበት ላይ ደግማ ፋቀች። ወረቀቱ ስስ ነው። ሰውዬውና ወንበሩ ከነበሩበት ጭምር ተበሳ።

ሹሙ ቀዳዳውን በማስመሪያ ለኩት። ሁለት በአንድ ሳንቲሜትር ነበር፤ መሬት ላይ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ የደንቡን መጽሐፍ አውጥተው ለረጅም ጊዜ ገለጡ።

«ቀዳዳ ስርዝ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ስርዝ ማለት የነበረ ነገር ሲጠፋ ነው። እዚህ ግን ወረቀቱም የለም። ስለዚህ ጉዳዩ በስርዝ አይታይም። ቀዳዳው እንደ ቀዳዳ ይሠራ።»

በማግስቱ ሠራተኞች መጥተው ጋሽ አጥናፉን ከወንበሩ ፈቱት፤ ወንበሩን ነቀሉ፤ በቦታው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ጉድጓድ ቆፈሩ። ጉድጓዱ ውሃ ያዘ። ዓመቱ ሲሞላ ቁጥጥር መጣ፤ ሕንፃው፣ አሥሩ ሰዎችና ጉድጓዱ ልክ እንደ ወረቀቱ ሆነው ተገኙ። ትርሲት ፈቃዷን አገኘች። በሚቀጥለው ዓመት የተመረቁት ተማሪዎች ሉካቸው ላይ ሆን ብለው ቀዳዳ እንዳበጁ ሰምቻለሁ፤ አዲስ ስልት ነው ተብሎ ተወደሰላቸው።

ጋሽ አጥናፉ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ላስቲክ ቤት ገባ። ግን አልተዘረጋም። ወጌሻ መጥቶ ቢያሸው፣ ሁለት ሰው ይዞ ቢስበው፣ ወገቡና ጉልበቱ እንደተቀመጠ ቀርተዋል። ያ ምሳውን ቆሞ የሚበላ ሰው ቁጭ ብሎ ተኝቶ፣ ቁጭ ብሎ ነቅቶ አምስት ወር ያህል ኖረ። ፈቃዷን ስታሳየው በሁለት እጁ ይዞ አየውና «እንኳን አልፋቅሽው» አላት። መፋቋን አልነገረችውም። ገመዱ የተፈታው ጊዜው ደርሶ መስሎት ነበር። ፈቃዱን ባየ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ።

ሬሳውን መዘርጋት አልተቻለም። አንዱ ጎረቤት፣ ሕንፃው ግቢ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፣ ለእሱ እኮ ነው የተቆፈረው አለ፤ ጉድጓዱ ከተሞላ ግን ግቢው ከወረቀቱ ይለያል ተባለ። የከተማው መቃብር ሹም ደግሞ መቃብር መደበኛ ልክ አለው፣ ረጅም ነው፣ ለተቀመጠ ሰው የሚሆን ካስፈለጋችሁ ፈቃድ ያለው ነዳፊ ንድፍ ያቅርብ አለ።

ፈቃድ ያላት ነዳፊ እዚያው ቆማ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዋ ይህ ሆነ። አባቷን በገመድ ለካች። ጠበብ ብሎ ጥልቅ የሆነ፣ ሰው በልኩ የሚቀመጥበት መቃብር ነደፈች። በሉኩ ላይ ደግሞ በመቃብሩ ዙሪያ ሰዎች ሳለች። ሹም ጫንያለው ማኅተማቸውን አንስተው ሲያዩ ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

«ሰው አልበዛም?»

«ቀብር ነው፣ ጌታዬ።»

«ልክ ነሽ» አሉና አተሙ።

ጋሽ አጥናፉ ተቀብሮ ሰልስቱ እንደወጣ ጓሮ ሰፈር ላስቲኩን ጠቅልሎ፣ ፍራሹንና ድስቱን ተሸክሞ ወደ መቃብሩ ቦታ መጣ። የመቃብሩ ዘበኛ ሊያግድ ቢሞክር ትርሲት ሉኩን ዘረጋችለት። ሁሉም አሉ። እትዬ በለጡ ድስት ታጥባለች። ሁለቱ ጎረቤታሞች ይጨቃጨቃሉ። ልብስ ተሰጥቷል፣ ላስቲክ ተወጥሯል፣ አንዱ ጫማ ይሰፋል። በታተመ ሉክ ላይ ያለ መሬት ላይ ይኑር ይላል ሕጉ። ዘበኛው በሩን ከፈተ።

ሹም ጫንያለው በማግስቱ ጠዋት መጡ፤ ሉኩን ይዤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሕግ ነውና አልተከራከሩም። ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ እንደገና ቆጠሩ።

«ወረቀቱ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አለ» አሉ። «ከእነሱ መሬት ላይ የተገኘው አራት መቶ አሥራ አንድ ነው። ይሄ፣ ከመቃብሩ ራስጌ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ረጅም ካፖርት የለበሰው ማነው?»

«አባቴ ነው» አለች ትርሲት።

«የተቀበረው?»

«አዎ።»

«የሞተ ሰው ቆሞ እንዴት ትስይዋለሽ? ሕጉን የምታውቂ ሰው!»

«ታዲያ አባቴን ዳግመኛ ቁጭ ላድርገው?» አለች። «እንደ ሰው ቆሞ ልየው ብዬ ነው። እጄ ሌላ መሳል እንቢ አለኝ።»

ሹሙ መነጽራቸውን ጠረጉ። የሚራሩላት ይመስሉ ነበር። አንድ ሰው ከጎደለ ሉኩ መሬቱን አይመስልም፣ ሉኩ ካልመሰለ ሁሉም ይነሳሉ፣ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ጊዜ ሰጥቻችኋለሁ አሉ። ከዚያ ዝርዝራቸውን አገላብጠው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ደግሞ አንድ ሰው ተርፏል» አሉ። «አንቺ ወረቀቱ ላይ የለሽም።»

እውነታቸውን ነበር። ሁሉንም ስትስል ራሷን አልሳለችም። እትዬ በለጡ «ውይ ልጄ» ብላ አፏን ያዘች። ትርሲት ማንንም አላየችም። አባቷ ይተኛበት ወደነበረው ላስቲክ ገብታ የእሱን ካፖርት ለብሳ ወጣች። ከመቃብሩ ራስጌ ሄዳ ቀጥ ብላ ቆመች። ሹሙ ማስመሪያቸውን ይዘው ቁመቷን ከሉኩ ጋር አመሳከሩ።

«ትንሽ ታንሳለች» አሉ ለእኔ።

በእግሯ ጣቶች ላይ ከፍ አለች። «ይመስላል» ብለው ፈረሙ፤ ሉኩንም ለእኔ መለሱልኝ።

ጓሮ ሰፈር ዛሬ ያለው እዚያ ነው። በዚህ ክረምት አራት ዓመት ይሆነዋል። ሕፃናት ሲወለዱ ወረቀቱ ላይ ስለሌሉ እናቶቻቸው በነጠላቸው ውስጥ ይደብቋቸዋል። በዕረፍት ቀኔ በዚያ ሳልፍ ካፖርቱን ለብሳ ከራስጌው እንደቆመች ናት፤ «እንዴት ነሽ፣ ትርሲት?» እላታለሁ። «ደህና ነኝ፣ ጋሼ» ትለኛለች። ፊቷን አታዞርም፤ አባቷን የሳለችው ወደ ሰዎቹ እያየ ነው።